ከሌን ለብሳ የሮጠችው ልጅ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ያስጠላኛል። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ክፉ ሴት እንደምመስል አውቃለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። ድንኳን ተጥሎ በነበረበት ሰሞን የመጣው ሁሉ እጄን ይዞ ያሸው ነበር። አንዱ እጅ ወጥ ይሸታል፤ ሌላው ከእኔ በፊት ያቀፈውን ሰው ሽቶ ይዞ ይመጣል። እግዜር ያጥናሽ እያለ ጉንጬን በእንባው ያረጠበ ሰው ዞር ብሎ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሰው ቀነስ ሲልልኝ ጓሮ ወጥቼ እስከ ክንዴ በሳሙና እታጠብ ነበር። ምግቡም እንዲሁ ነው። ጎረቤት የላከውን ሳህን ገልጬ ዘይቱ ረግቶ ሳየው ሆዴ ይገለበጣል። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው፤ ይህ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው። ጥቂት ጽፌ እነሣለሁ፣ እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ የስፖርት መምህር ነበር። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ስንሠራ ኖርን፤ ልጅ አልሰጠንም። እሱ ከክፍለ ጊዜው ውጪ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሴት ልጆችን ሩጫ ያሠለጥን ነበር። ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ፣ ከብት የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሰማዩ ሳይገለጥ እዚያ ይሰበሰባሉ። ለምን ወንዶቹን እንደማይጨምር ሲጠይቁት «ለወንዶቹ የሚያስብ ሞልቷል» ይል ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ አይሰጥም።

መጀመሪያ ላይ ወላጆች እንቢ አሉ። ልጄ በጨለማ ከወንድ አስተማሪ ጋር ሜዳ ትውረድ የሚል ማን አለ? ስለዚህ እኔን ይዞኝ መሄድ ጀመረ። እኔ ስለ ሩጫ የማውቀው ነገር የለም። ብርድም አልወድም። በእሱ ጋቢ ተጠቅልዬ የተቆረጠ ግንድ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሲነጋልኝ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ሥራዬ መቀመጥ ነበር። ሚስቱም አብራ ትወርዳለች ከተባለ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይለቃሉ። አንዳንዴ ቀና ስል እሱ ከልጆቹ ጎን ጎን እየሮጠ «ትከሻሽን ጣይው፤ ጀሪካን አላዘልሽም» ሲል እሰማለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። ጀሪካን አዝለው ያደጉ ናቸውና ትከሻቸው የሚወጥረው ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከሜዳው ወደ ከተማ በሚመለሰው መንገድ ላይ ግን የሚስቅ ሌላ ሰው ነው። ከመጠጥ ቤት የወጣው፣ ሥራ ፍለጋ ጥግ ላይ የቆመው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሳይቀር ዓይኑን ልጆቹ እግር ላይ ይጥላል። «ቀስ በሉ እንጂ፤ ባል እኮ በእርምጃም ይደረስበታል» ይላል አንዱ። ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። ያ ሳቅ እንደ ንፍጥ ልብሴ ላይ የተለጠፈ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን «ወደ ፊት እዩ» ከማለት በቀር መልስ አይሰጥም።

እሱ ታሞ ብዙ አልቆየም። ተቀበረ፣ አርባው ወጣ፤ እኔ ከል ለብሼ ቤቴ ተቀመጥሁ። ባል የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው፤ ሜዳ መውረድ የሚታሰብ አይደለም። ከአርባው በኋላ አንድ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። ከልጆቹ አንዷ ነበረች። ከይጁቤ ማዶ ካለ ገጠር መጥታ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ። ባለቤቴ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ የሚሳሳለትን ነገር ሲያነሣ እንዲያ ነው። በሩን ስከፍት የመሮጫ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። ከኋላዋ ሌሎቹም አሉ።

«ቲቸር፣ እናቶቻችን እርስዎ ካልወረዱ አትወርዱም ብለውናል» አለችኝ።

ጥቁር ነጠላዬን ደረብሁና ተከተልኋቸው።

በመመለሻችን ላይ አንድ ነገር አየሁ። ያ ጥግ የሚቆመው ሰው ከልጆቹ ኋላ በጥቁር ልብስ ስመጣ ሲያየኝ አፉን ዘጋ። ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጥናዎት» አለና መንገድ ለቀቀ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። የሰውየው ሐዘኔታ አስጠላኝ፤ ትናንት በሳቀበት አፉ ነው ያጽናናኝ። ግን ጠቀመን። ባለቤቴ በሕይወቱ ያላስጣለውን ለከፋ ከሌ አስጣለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሩጫ የማውቀው ነገር ሳይኖር እንደ ጥቁር ባንዲራ ከልጆቹ ኋላ መሄድ ሥራዬ ሆነ። ሰው አወራ። ይወራ አልሁ።

ስለ ከል ትንሽ ልበል። በእኛ ዘንድ ከል የለበሰች ሴት ራሷ አታወልቀውም። ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ እኅቶቿና ጎረቤቶቿ ቤቷ ይመጣሉ። በር ዘግተው ራሷን ያጥቧታል፣ የንስሐ አባቷ ጸሎት ያደርሱላታል፣ ከዚያ ነጭ ያለብሷታል። ካሜራ የለም፣ ጭብጨባ የለም። የሰው ከል ደግሞ ሌላ ሰው አይለብሰውም። አይዋሱትም፣ ከሌላ ልብስ ጋርም አያጥቡትም። በለበሰው ሰው ቤት ሞት ይጠራል ይባላል።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ሯጭ መራጮች ይመጣሉ ሲባል ነው። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ የስፖርት ማሠልጠኛው ሰዎች ወደ እኛ ሳይመጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ባለቤቴ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የሞተው። አሁን ቅዳሜ ማለዳ በከተማው ሜዳ ልጆች አሩጠው፣ የወደዱትን ወስደው በዚያው ይመለሳሉ ተባለ።

የልጅቷ አባት ይህን ሰምቶ ለገበያ በመጣ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጣ። ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው። ግባ ብለው እንቢ አለና በር ላይ ቆሞ ዱላውን ተደግፎ ነገሩን በግልጽ ነገረኝ። ሚስቱ ታማ ከተኛች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት የለም። እስካሁን የታገሠው ለአስተማሪዋ ቃል ስለ ሰጠ ነው። የመንግሥት ሰዎች አይተው ትሆናለች ካሉ መርቆ ይሰዳታል። ካላሉ በዚያው ቅዳሜ ይዟት ይመለሳል፤ ትምህርቱም ይቀራል። ድምፁን አላነሣም። ሊቆጡት የማይመች ሰው ነበር። ከሄደ በኋላ ልጅቷ ቅዳሜን ካልሮጠች ሁሉም ነገር እንዳበቃላት ገባኝ።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ከአንድ መሥሪያ ቤት መጡ፤ ኃላፊዋ፣ ረዳቷና አንድ የዝግጅቱ አስተባባሪ ነኝ የሚል ወንድ። ኃላፊዋን ድሮ አስተምሬአታለሁ። ጎበዝ ነበረች፤ እጅ የምታወጣ፣ ሳይፈቀድላት የምትመልስ። አሁን ጠባብ ጫማ አድርጋ፣ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሰውየው እንዲናገር ትጠብቃለች። ቆሎ አቀረብሁላቸው። ሰውየው እፍኝ ሙሉ ዘግኖ እየቆረጠመ ተናገረ። የሴቶች በዓል ሊከበር ነው። ለሴት ልጆች አርአያ የሚሆኑ በአመራርና በስፖርት የታወቁ ሴቶች ይመረጣሉ። እኔም የባሌን ሥራ ሳላቋርጥ በመቀጠሌ ተመርጫለሁ። ወደ መድረክ የምወጣው ከሌን እንደ ለበስሁ ነው። ከበሮ ይመታል። ኃላፊዋ ጥቁሩን ከላዬ አንሥታ ነጭ ታለብሰኛለች። አንድ ቄስ ተጋብዘው ጸሎት ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ይቀረጻል። መሪ ቃሉ «ከሐዘን ወደ አርአያነት» ነው።

ዓመቴ አልሞላም አልሁት።

«መምህርት፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል» አለኝ። «ሴት ልጅ በጥቁር ልብስ መታሰር የለባትም።»

ከንፈሩ ላይ የገብስ ገለባ ተለጥፎ ነበር። ሲናገር ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሰውየው የሚለውን ትቼ እሱን ሳይ ቆየሁ። ቤቴን ዞር ዞር ብሎ ይመለከት ነበር፤ የባለቤቴን ፎቶ አይቶ «ይህንም ይዘን ብንወጣ» አላት ረዳቷን። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

በዓሉ የሚከበረው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ልጆቹ የአበሻ ቀሚስ ለብሰው እንግዶቹን መንገድ ዳር ተሰልፈው ይቀበላሉ፤ የእኔይቱ፣ ያች በሬን ያንኳኳችው ልጅ፣ አበባ ታበረክታለች። ፎቶዋ ባነሩ ላይ ወጥቷል። የዚያን ቀን ምርጫ እንዳለባት ስነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ። አያውቁም ነበር። ሴት ሯጮችን ሊያበረታቱ ድግስ ሲደግሱ ሴት ሯጮቹ በዚያን ሰዓት የት መሆን እንዳለባቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ልጅ አይደለች? ለሚቀጥለው ዓመት ትደርሳለች» አለ ሰውየው፤ ቆሎውንም ደገመ።

በማግስቱ ኃላፊዋን ቢሮዋ ሄጄ ብቻዋን አገኘኋት። የልጅቷ አባት ያለውን ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ በሩን ዘጋች። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ በስብሰባ ቀድማ ተናግራ እንደማታውቅ፣ ያቀደችው ሁሉ በጀት የለውም ተብሎ እንደሚመለስ፣ የሾሟትም ወንበሩ ላይ ሴት ትታይ ብለው እንደሆነ ነገረችኝ። «በዓመት ይህችን ቀን ብቻ ነው የሚለቁልኝ፤ እሷንም ካበላሸሁ ሴት አይሆንላትም ይሉኛል» አለች። አዘንሁላት፤ ማዘኔም አበሳጨኝ። እኔ ያስተማርኋት ልጅ እንዲህ አልነበረችም።

በመጨረሻ ተስማማን። እኔ መድረክ እወጣለሁ፣ ከሌን ይገፍፉኛል። እሷ ደግሞ ልጅቷን አበባውን እንዳስረከበች ትለቃታለች፤ እንግዶቹ ማለዳ ስለሚገቡ ምርጫው ሳይጀመር ትደርሳለች። ቤቴ ስገባ የባለቤቴን ፎቶ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ቅዳሜ ማለዳ አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። ከቀለሙ ላይ ሽቶ፣ ከሽቶው ላይ የፕላስቲክ አበባ ሽታ። ባነሩ ላይ የልጅቷ ፎቶ ያለ ልክ ተለጥጦ ፊቷ ጎን ለጎን ሰፍቷል፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጦ ቀርቷል። የሯጭ ፎቶ ነው፣ እግር የለውም። ከፊት ረድፍ አስቀመጡኝ። ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ኬክ ነበር። ኬኩ ላይ የምትሮጥ ሴት ምስል ታትሟል፤ እጆቿን ዘርግታ፣ አንድ እግሯን አንሥታ። ሁዳዴ ስለሆነ የጾም ኬክ ነው ይባባላሉ። ሙቀቱ ጨምሮ የሴትዮዋ ቀለም ወደ ነጩ ክሬም መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

በመስኮቱ ልጆቹ ይታዩኛል። የለበሱት ቀሚስ ረዝሞባቸው ጫፉ አቧራ ይጠርጋል። በእጃቸው የፕላስቲክ አበባ ይዘዋል። የእኔይቱ ከፊት ናት። አንዴ በአንድ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች። እንግዶቹ አልመጡም። ኃላፊዋን አየኋት፤ ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው፤ በእጇ ታገሺ የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ደግሜ ሄጄ ጠየቅኋት። አሁን ይደርሳሉ አለችኝ። ሦስተኛ ስጠይቃት ሰውየው ጣልቃ ገብቶ ሰልፉ አሁን ከተበተነ እንግዶቹ ሲገቡ ባዶ መንገድ ያያሉ፤ ያምራል ወይ አለኝ። ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። አባትየው አሁን ሜዳው ዳር ቆሞ ልጁን በዓይኑ እየፈለገ ይሆናል እያልሁ አስብ ነበር።

ያን ጊዜ ሰውየው ወደ ኬኩ ተጠጋ። ግራ ቀኙን አየና ጣቱን ሰደደ፤ ከሯጯ ተረከዝ ላይ ክሬሙን ጠርጎ ላሰ። ስመለከተው አየኝ። «የጾም ነው» አለና ፈገግ አለ። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ወደ እኔ መጣ። ካሜራው የት እንደሚቆም ሊያሳየኝ ፈልጎ በዚያው እጁ ትከሻዬን ያዘና ወደ ግራ አዞረኝ። «እንዲህ ይቁሙ፤ ስናወልቅዎት ፊትዎ እንዲታይ» አለኝ። የጣቱ እርጥበት በነጠላዬ አልፎ ቆዳዬ ላይ ደረሰ።

ተነሣሁ። በወንበሮቹ መካከል አልፌ ወጣሁ። ኃላፊዋ ደጃፉ ላይ ደረሰችብኝ።

«ቲቸር፣ ወዴት ነው?»

«ልጅቷን ላደርስ።»

«መንገድ ላይ ናቸው እኮ ተባለ። ፕሮግራሙ በእርስዎ ነው የሚከፈተው።»

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አልኋት።

ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ ልጅቷ አየች። ከአዳራሹ ውስጥ ሰውየው በስሟ እየጠራት ነው። አልመለሰችለትም። ሄዳ አበባውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለችና ራሷ በልጅቷ ቦታ፣ በሰልፉ ራስ ላይ፣ ቆመች። ሌላ ነገር አላደረገችም፤ ወደ እኔም አላየችም። ዞር ብዬ ሳያት በጠባብ ጫማዋ ከልጆቹ ጋር ተሰልፋ የፕላስቲክ አበባ ይዛ ነበር።

ባጃጅ አገኘን። ለእንግዶቹ ሲባል መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ትራፊኩ አስቆመን። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ከሌን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ለቅሶ ነው?» አለ። ባለባጃጁ ቀድሞኝ «አዎ ጌታዬ» አለ። ገመዱን አነሣልን።

ሜዳው ስንደርስ የመጨረሻዎቹ ልጆች መስመር ላይ እየገቡ ነበር። ሮጬ አንዱን መራጭ አንድ ልጅ ቀርታለች ብዬ ለመንሁት። ቶሎ ትምጣ አለኝ። ልጅቷ ከቀሚሱ ሥር ቁምጣዋንና ጫማዋን እንደ ለበሰች ናት፤ ማንንም አላመነችም ነበር ማለት ነው። ከላይ የምትለብሰውን ግን በቀሚሱ አንገት ይታያል ብለው አስወልቀው አዳራሹ ውስጥ ቆልፈውበታል። ቀሚሱን ለብሳ መሮጥ አትችልም፤ ያለ ቀሚሱ ራቁቷን ናት። በዚያ ሰዓት ልብስ የሚያውሰን አልነበረም።

መሸሸጊያ የሚሆን አንድ ግድግዳ ብቻ አለ፤ የሜዳው ሽንት ቤት። ከኋላው ወሰድኋት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ዝንቡ ፊታችን ላይ ያርፋል፤ የምንረግጠውን ማየት አልፈለግሁም። ነጠላዬን አውልቄ በጥርሴ ያዝሁትና የጥቁር ሸሚዜን ቁልፍ መፍታት ጀመርሁ። ልጅቷ ገብቷት ወደ ኋላ ሸሸች።

«ቲቸር፣ ከል ነው እኮ» አለች። «እናቴ ተኝታለች። አባቴ እዚያ ቆሟል።»

አውቃለሁ። ይህ ፍርሃት የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ነበር። ቢሆንም ሸሚዙን አውልቄ ዘረጋሁላት።

«ይህ የአስተማሪሽ ሐዘን ነው» አልኋት። «ሌላ ሰው አይፈልግም። ልጅ ቢኖረው ልጁ ትለብስለት ነበር።»

ቀሚሱን በራሷ ላይ አውልቃ ሸሚዙን ለበሰች። ቁልፉን እኔ ዘጋሁላት። ሰፍቷት እጅጌው እጇን ዋጠው፤ አጠፍሁላት። ከግድግዳው ኋላ ወጥታ ሮጠች። እኔ የእሷን ነጭ ቀሚስ በጉርዴ ላይ አጠለቅሁ፤ ጠቦኝ ከኋላ አልዘጋ አለ፤ ክፍቱን በጥቁር ነጠላዬ ሸፈንሁ። እኅቶቼ በር ዘግተው ራሴን አጥበው ያወልቁልኛል ያልሁትን ከል እንዲህ አወለቅሁት፤ ሽንት ቤት ኋላ፣ ዝንብ እየበላኝ።

ስወጣ አባትየው እየሮጠ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ልጁን ጥቁር ለብሳ መስመር ላይ ቆማ አይቷታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እመይቴ፣ ማን ሞተብኝ?» አለኝ።

ይህን አላሰብሁም ነበር። ሚስቱን ቤት ተኝታ ትቷት የመጣ ሰው ልጁን ከል ለብሳ ሲያይ ምን ሊያስብ ይችላል? ማንም አልሞተም፣ ለአስተማሪዋ ነው፣ የለበሰችው የእኔን ነው ብዬ ቶሎ ቶሎ ነገርሁት። ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ያዘው። የለበስሁትን ነጭ፣ ነጠላዬን፣ ፊቴን ተራ በተራ ተመለከተ። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ለአስተማሪዋ» አለ በመጨረሻ። ቆይቶም «ይገባዋል» አለ።

ጎን ለጎን ቆመን አየናት። ስለ ሩጫ የማላውቅ ሰው ስለሆንሁ ምን ያህል ጥሩ እንደሮጠች ልጽፍ አልችልም። ጥቁሩ ሸሚዝ ነፋስ ገብቶበት ከጀርባዋ ይነፋ እንደነበር፣ ትከሻዋን ጥላው እንደነበር አየሁ። የሜዳው ዳር እንደ ወትሮው በወንዶች ተሞልቶ ነበር፤ ለሌሎቹ ልጆች የሚጮኸው አፍ እሷ ስታልፍ ዝም ይላል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሩጫው ሲያበቃ መራጮቹ ሰብሰብ ብለው ተነጋገሩና ጥቂት ልጆችን በእጅ ጠሩ። ጥቁሩ ሸሚዝ ከእነሱ መካከል ነበር።

አባትየው ቃሉ ቃል እንደሆነ፣ እናቷን ዛሬውኑ አይታ እንደምትሄድ ነገረኝ። ትንሽ እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰና «ያን ልብስ ግን ቤቴ ይዛ እንዳትገባ፣ እመይቴ» አለ። እሺ አልሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያስጠላኝ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ግማሽ ሙሽራ ግማሽ ሐዘንተኛ ሆና በባጃጅ ገባች ተባለ። ባሏ ሳይረሳ ከሉን ሽንት ቤት ጣለችው ያሉም አሉ፤ እነዚያው በድንኳኑ እጄን ያሹኝ ናቸው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤቴ በዓሉ ላይ ውላ ስትመለስ በወረቀት ሳህን የእኔን ድርሻ ይዛልኝ መጣች። እንግዶቹ ዘግይተው ገብተው፣ ንግግር አድርገው፣ ስለ ልጅቷም ተነግሮ ተጨብጭቦላት ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችን ፍሬ ናት ተብሏል። ወረቀቱን ገለጥሁት። የደረሰኝ የሯጯ ጉልበት ነበር። የተቆረጠበት ቢላዋ ከላይ ያለውን ቀይ ቁምጣና ከታች ያለውን እግር አንድ ላይ ለውሶታል። ጎረቤቴን አመሰገንሁ። ስትሄድ ጓሮ ወስጄ ቀበርሁት፤ ለውሻ መስጠትም አልሆነልኝም።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ሸሚዙን ይዛ መጣች፤ አባቷ ከበሩ ውጪ ይጠብቃት ነበር። በፌስታል ጠቅልላዋለች። ያላጠበችው ከሌላ ልብስ ጋር እንዳይነካካ ፈርታ እንደሆነ ነገረችኝና ይቅርታ ጠየቀች። አቀፈችኝ። ከወጣች በኋላ ፌስታሉን ፈታሁት። ብብቱ ሥር ላቡ ደርቆ እንደ ጨው ነጭ ሆኗል፤ ጀርባው ላይም እንዲሁ። ሽታው ኮምጣጣ ነው፤ ሣርም አቧራም አለበት። ወደ ፊቴ አስጠጋሁትና ሆዴን ጠበቅሁት።

አልተገለበጠም።

ዓመቴ ገና አልሞላም። በማግስቱ ማለዳ የግቢው በር ሲንኳኳ ያንኑ ሸሚዝ ሳላጥበው ለበስሁ፤ እጅጌውን ለእሷ እንዳጠፍሁት ተውሁት። ሌሎቹ ልጆች ጫማቸውን አድርገው ቆመው ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ከኋላቸው ወረድሁ።